ቤቱ የሚስት፣ ወረፋው የባል

ታይላንድ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የመሬት ቢሮ ውስጥ ባልና ሚስት መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሷ በሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል፣ በኢሳን ተወልዳ ያደገች ናት። እሱ ጡረታውን ይዞ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ፣ ፀሐይ ያቀላው ግዙፍ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ቀይ የጋሩዳ ዓርማ ያለበት «ቻኖት» ተዘርግቷል፤ እኛ ካርታ የምንለው መሆኑ ነው። ሠራተኛዋ ሌላ አንድ ገጽ ወረቀት ወደ ባልየው ታስጠጋለች። ጽሑፉ በታይ ፊደል ስለሆነ እሱ አንዱንም መስመር ማንበብ አይችልም። ሚስቱ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቷ ታሳየዋለች።

ወረቀቱ ባጭሩ የሚለው መሬቱ የተገዛበት ገንዘብ በሙሉ የሚስትየው የግል ሀብት መሆኑን፣ ባል ምንም ድርሻ እንደሌለው ነው። ገንዘቡ የመጣው ግን እሱ አገሩ የነበረውን አፓርታማ ሸጦ ነው። እሷ ይህን ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል፤ ሠራተኛዋም ሳትጠረጥር አትቀርም። ይፈርማል። ሠራተኛዋ ማኅተሟን ታሳርፍና የሚቀጥለውን ተራ ቁጥር ትጠራለች።

ታይ አግብቶ እዚያው የሚኖር የውጭ ሰው ስለ ኑሮው ችግር ሲጠየቅ ቪዛውን፣ ቋንቋውን፣ አማቶቹን፣ የዓሣውን ሽታ እየቀያየረ ያነሳል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አብዛኛው ጣጣ የሚመዘዘው ከአንድ ቦታ ነው። ትዳሩ ባል ያደርገዋል እንጂ የአገሩ ሰው አያደርገውም። መሬቱ በእሷ ስም፣ የቤት መዝገቡ በእሷ ስም ነው። እሱ በገዛ ቤቱ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስለት እንግዳ ነው።

የመሬት ሕጉ የወጣው በ1954 ነው፤ ለየት አድርጌ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹን የማስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሕጉ የውጭ ዜጋ መሬት በስሙ እንዳይዝ ይከለክላል። አፓርታማ መግዛት ይፈቀድለታል፤ ያውም በአንድ ሕንፃ ውስጥ የውጭ ሰዎች የያዙት ስፋት ከ49 በመቶ እስካላለፈ ድረስ። ማንጎ የሚተክልበት፣ ለአማቱ ጓሮ ላይ አንድ ክፍል የሚሠራበት ግቢ ካማረው ግን ካርታው የሚወጣው በሚስቱ ስም ብቻ ነው። እስከ 1999 ድረስ ይህም አይቻልም ነበር። የውጭ ሰው ያገባች ታይ መሬት ልግዛ ብትል፣ ለባልሽ ልትገዢ ነው ተብላ ትመለስ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ትዳራቸውን ሳያስመዘግቡ፣ መታወቂያቸው ላይ «ወይዘሪት» እንደተባሉ ይኖሩ ነበር። በ1999 ክልከላው ሲነሳ በምትኩ የመጣው ያ የሚፈረመው ወረቀት ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ብዙ አይደነግጥ ይሆናል። ከኮፐንሃገን ወይም ከሙኒክ ለመጣ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ካጠራቀመው ላይ «የእኔ አይደለም» ብሎ መፈረም ቀላል አይደለም።

ፈርሞ የወጣ ባል ቀጥሎ የሚያስበው «ብንጣላስ? ብትሞትስ?» የሚለውን ነው። ጠበቆቹ መልስ አያጡም። አንዱ መንገድ መሬቱን ከሚስት መከራየት ነው፤ የኪራይ ውል ከ30 ዓመት አይበልጥም። ሌላው፣ ብዙዎች የሚመርጡት፣ ዕድሜ ልክ የመጠቀም መብት ነው። ይህ መብት የመሬት ቢሮ ሄዶ ካርታው ጀርባ ላይ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ቢሸጥ እንኳ ሰውየው እስኪሞት ከቤቱ የሚያስወጣው የለም። ሲሰሙት ደስ ይላል። ችግሩ የታይላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1469 ነው። አንቀጹ ባልና ሚስት በትዳር ላይ እያሉ የተዋዋሉትን የንብረት ውል አንደኛው ወገን በፈለገ ጊዜ፣ ትዳሩ ከፈረሰም በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። ውሉ ፍቅሩ እስካለ ይጸናል፤ ፍቅሩ ሲሄድ፣ የሦስተኛ ወገን መብት እስካልተነካ ድረስ፣ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ የመሬት ቢሮዎች በባልና ሚስት መካከል እንዲህ ያለ መብት አንመዘግብም ይላሉ። ሌሎቹ ይመዘግባሉ። ስለዚህ ብልህ ሰው መሬቱን ከመግዛቱ በፊት ወደ ቢሮው ጎራ ብሎ ይጠይቃል።

በታይ ስም የሽፋን ድርጅት አቋቁሞ መሬት መያዝ የሚባል ሦስተኛ መንገድም አለ። ወንጀል ነውና እሱን ልለፈው።

ሞት ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ሚስት ሳትናዘዝ ከሞተች ባል ከልጆቿና ከወላጆቿ እኩል ይወርሳል። መሬት ከደረሰው ግን ይዞት መቀመጥ አይችልም፤ እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሸጥ ወይም ለታይ ዜጋ ማስተላለፍ አለበት። ልጅ ካላቸው መሬቱን በልጁ ስም ማድረግ የተለመደ ነው፤ ልጁ ታይ ነውና። እዚህም ላይ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ስም የሆነን መሬት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይቻልም። አባት ታሞ ገንዘብ ቢያስፈልገው እንኳ ዳኛ ፊት መቅረብ ግድ ይላል። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚረሳው ነገር ኑዛዜ ነው። በታይ ቋንቋ የተጻፈ፣ ሁለት ምስክር የፈረመበት አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ብዙ ባሎች ግን ስለ ሞት ማንሳት ሚስታቸውን ያስቀይማል ብለው ያሳድሩታል፤ ሚስቶቹም እንደዚያው።

አሁን ወደ ወረፋው እንሂድ።

በትዳር ምክንያት ታይላንድ የሚኖር ባል ፈቃዱን በየዓመቱ ያድሳል። ክፍያው 1,900 ባህት ነው፤ እሱ አይከብድም። የሚከብደው በስሙ ባለ የታይላንድ ባንክ ሂሳብ ውስጥ 400,000 ባህት ከማመልከቻው በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፣ ወይም በወር 40,000 ባህት ገቢ እንዳለው ማሳየት አለበት መባሉ ነው። ቀድሞ ገቢውን ኤምባሲው በደብዳቤ ያረጋግጥለት ነበር። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደብዳቤውን መስጠት ሲያቆሙ፣ የእነዚያ አገሮች ሰዎች ጡረታቸው ከውጭ በየወሩ መግባቱን በባንክ ወረቀት ማሳየት ግድ ሆነባቸው።

ከገንዘቡ ቀጥሎ አንድ ቤት አብረው መኖራቸው ይጣራል። ፎቶ ይጠየቃሉ። የቤት ቁጥሩ እየታየ በር ላይ፣ ሳሎን ውስጥ፣ አንዳንዴ መኝታ ቤትም ይነሳሉ። ሚስት ፎቶ የሚያነሳውን የወንድሟን ልጅ አቁማ ባሏን ሸሚዝ ቀይር ትለዋለች። ሁሉም በአንድ ጠዋት የተነሳ እንዳይመስል ነው። ሁለተኛውን ሸሚዝ ለብሶ ሲመጣ ደግሞ ያው የቤት ጫማው ፎቶው ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ እንደገና ይነሳሉ። በእጅ የተሳለ የቤቱ አቅጣጫም አብሮ ይገባል። ከቤተ መቅደሱ ግራ፣ ከሱቁ ቀጥሎ፣ ውሻ ያለበት በር እየተባለ። ከዚያ ሠራተኞች ቤት ድረስ ሊመጡ ይችላሉ፤ ጎረቤትንም ይጠይቃሉ። ወረቀቱ ሲገባ የሚመታለት ማኅተም ጉዳዩ ገና እየታየ ነው የሚል የ30 ቀን ፈቃድ ነው። የዓመቱን ለመቀበል ደግሞ ይመለሳል። ዕድሜው 50 የሞላ ሰው ይህ ሲሰለቸው የትዳሩን ፈቃድ ትቶ በጡረታ ፈቃድ ያመለክታል። እዚያ የሚጠየቀው 800,000 ባህት ነው፤ ሸሚዝ ቀይር የሚል ግን የለም።

የገንዘብ ማስረጃው የሚጠየቀው ወንድን ብቻ ነው። ታይ ወንድ ያገባች የውጭ ሴት 400,000ውን አሳዪ አትባልም። ዜግነት ከፈለገችም በባሏ በኩል ማመልከት ትችላለች። ታይ ሴት ያገባ ወንድ ግን ዜግነት የሚያገኘው ሠርቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ በዜግነት ማግኛው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። ሕጉ ሲጻፍ ባል ቤት ያስተዳድራል፣ ሚስት ባሏን ትከተላለች ተብሎ ታስቧል። በጥር 2025 በሥራ ላይ የዋለው የጋብቻ እኩልነት ሕግ «ባልና ሚስት» የሚለውን «ተጋቢዎች» ብሎ በመተካት ተመሳሳይ ጾታ ላላቸው ሰዎች ሳይቀር በሩን ከፍቷል። የወንድና የሴት የውጭ ሰው ልዩነት ግን በሌሎቹ ሕጎች ውስጥ እንዳለ ነው።

ትንንሾቹ ግዴታዎች በተናጠል ቀላል ናቸው፤ ሲደራረቡ ያደክማሉ። በየ90 ቀኑ የሚኖርበትን አድራሻ ማሳወቅ አለበት። ከቀኑ በፊት 15፣ ከቀኑ በኋላ 7 ቀን ይሰጠዋል፤ ካሳለፈ 2,000 ባህት ይቀጣል። ቤቱ ያረፈውን የውጭ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ ደግሞ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ሚስቱ ናትና፣ ባሏን «ቤቴ የመጣ እንግዳ» ብላ የምታስመዘግበው እሷ ናት። ከአገር ሲወጣ የመመለሻ ፈቃድ ካላወጣ፣ ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባህት ካልከፈለ፣ ያ ሁሉ የተለፋበት የዓመት ፈቃድ አውሮፕላኑ ሲነሳ ይሰረዛል። የእናቱን ሞት ሰምቶ እየሮጠ የወጣ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ሲመለስ ነው። በአየር ማረፊያው ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጥ መስኮት ስላለ ቢያንስ ጓደኛው ሊያስታውሰው ይገባል።

ሥራም እንዲሁ ነው። ሚስት ኑድል ቤት ከፍታለች እንበል። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ይበዛል፣ እሷ ድስቱ ላይ ናት፣ ባል ተነስቶ ሁለት ሳህን ለደንበኛ ያደርሳል። የሥራ ፈቃድ ከሌለው ያ ሕገ ወጥ ሥራ ሊባል ይችላል። ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 50,000 ባህትና ከአገር መባረር ነው። ፀጉር ማስተካከልና አስጎብኚነት ጭራሽ ለታይ ዜጎች ብቻ የተከለሉ ሙያዎች ናቸው። ብዙ ባሎች በሚስታቸው ምግብ ቤት ጥግ ይዘው ቢራ ሲጠጡ ብቻ የሚታዩት ስንፍና ስላለባቸው አይመስለኝም።

ስለ አማቶች ሲወራ ፈረንጆቹ ብዙ ያማርራሉ። እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ከሚስትየው ጋር እንደሚወግን እገምታለሁ። ሰርጉ ላይ «ሲን ሶት» የሚባል ጥሎሽ አለ፤ ጥሬ ገንዘብና ወርቅ በሰሃን ተደርድሮ ዘመድ ፊት ይቆጠራል። ወርቁ የሚመዘነው በግራም ሳይሆን በ«ባህት» ሲሆን አንዱ ከ15 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ሙሽራው ወደ ቤቱ ሲቃረብ የሙሽሪት ወገን ሰንሰለት ወጥሮ ገንዘብ ካልሰጠህ አታልፍም ይለዋል። እኛ ሰርግ ላይ ይህን ያየ ሰው ይስቃል። ጀርመናዊው አይስቅም፤ ሚስት እየገዛ ያለ መስሎት ይጨነቃል። ከሰርጉ በኋላ በየወሩ ለእናትና ለአባት የሚላከው ይመጣል። የታይላንድ መንግሥት 60 ዓመት ለሞላው ሰው የሚሰጠው የወር ድጎማ 600 ባህት ነው፤ ከ90 ዓመት በላይ ለሆነ ሰውም ቢሆን 1,000 ነው። ሩዝ አርሶ ላረጀ ገበሬ ልጁ ጡረታው ናት። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሠርታ ለቤተሰቧ የላከች እህት ያለችው ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ጠቡ የሚነሳው ግን ከመጠኑ ይልቅ ካለመነጋገሩ ነው። ሚስት የወንድሟ ሞተር ሳይክል ክፍያ ሲጎድል ዝም ብላ ትሞላለች፤ ባል በኋላ ያውቃል፤ ተሰረቅሁ ይላል። ያውቁበታል የሚባሉት ባልና ሚስቶች በየወሩ ለወላጆች የሚሆነውን ቁርጥ አድርገው ይወስናሉ። ከዚያ በላይ ለሚመጣው እሷ ራሷ «ፈረንጁ እምቢ አለ» እንድትል ይፈቅዱላታል። እምቢታው በእሱ ሲላከክ እሷ ዘመድ ፊት አታፍርም። እሱም ቋንቋው ስለማይገባው ሐሜቱን አይሰማም።

የኢሳን ቤት ሁለት ወጥ ቤት አለው። ውስጥ ያለው ባልየው ያሠራው ነው፤ ምድጃው፣ ካቢኔቱ፣ የሚያብረቀርቀው የድንጋይ መደርደሪያ። ሚስትየው እዚያ ሻይ ታፈላለች። እውነተኛው ወጥ ቤት ከኋላ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እዚያ ከሰሏ ይነዳል፤ ከቀርከሃ በተሠራ ሾጣጣ ቅርጫት ውስጥ የሚጣበቀው ሩዝ በእንፋሎት ይበስላል፤ በሸክላ ሙቀጫ ውስጥ ጥሬ ፓፓያ ከሚጥሚጣና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይወቀጣል። ጥግ ላይ የተከደነው ገንቦ «ፕላ ራ» ነው፤ ዓሣ በጨውና በሩዝ ፉርሽካ ለወራት ታሽጎ የፈላበት። ክዳኑ ሲነሳ ፈረንጁ ባል ወደ ሳሎን ይገባል። የእኛ ሰው ሩዙን በእጁ ጠቅልሎ መብላትና ቃሪያውን በቀላሉ ይለምዳል፤ ገንቦው ላይ ግን እሱም ያመነታል።

ባንኮክ የማውቀው አንድ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ጋሼ እለዋለሁ። መጀመሪያ ከፕራቱናም ገበያ ልብስ እየገዛ መርካቶ ይልክ ነበር፤ የወሎ ኦፓል ሲታወቅ ወደ ድንጋዩ ዞረ። ታይ አግብቶ ወንድ ልጅ ወልዷል። የእሱ ጣጣ ከፈረንጆቹ የሚለየው በስም ነው። ጋብቻው ሲመዘገብ የወረዳው ጸሐፊ በፓስፖርቱ መጨረሻ ላይ ያገኘውን የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ጻፈው። ሕጉ የባሏን ስም ውሰጂ ብሎ አያስገድዳትም ነበር፤ ሚስቱ ግን ደስ ብሏት የአያቱን ስም ወሰደች። ልጁ ሲወለድ ያው ስም ተሰጠው። አዲስ አበባ ላይ ለልጁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሊያወጣ ወረቀቱን ሲያቀርብ፣ ጸሐፊዋ አየችና «አጎትህ ነው?» አለችው። በእኛ አጻጻፍ ልጁ የጋሼ አያት ልጅ፣ የጋሼ አባት ወንድም ሆኖ ቁጭ ብሏል። የልደት ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት ደግሞ በታይ አቆጣጠር 2553 ነው፤ በፈረንጅ 2010፣ በእኛ 2002። ተርጓሚው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። ጋሼ አሁን የሦስቱን ዓመቶች ዝርዝር በአንድ ካርቶን ላይ ጽፎ ከሰነዶቹ ጋር በላስቲክ አስሮ ይዞታል። ለማንም የውጭ ሰው የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ስሙ በታይ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ መጀመሪያ ቀን ላይ ወስኖ፣ ከጋብቻ ወረቀቱ ለውጭ ሰው እስከሚሰጠው ቢጫ የቤት መዝገብና እስከ መንጃ ፈቃዱ አንዱንም ነጥብ ሳይለውጥ ያንኑ ማስጻፍ።

አሁን ጋሼን የያዘው የልጁ ነገር ነው። እናቱ ታይ ስለሆነች ልጁ ታይ ነው። ታይ ወንድ ደግሞ 21 ዓመት በሚሞላበት ዓመት፣ በሚያዝያ ወር አካባቢ፣ ለውትድርና ዕጣ ያወጣል። ጥቁር ካርድ ያወጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቀይ ያወጣ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። የኢትዮጵያ ሕግ በበኩሉ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በወላጁ በኩል ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ካልመረጠ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጥረዋል። አባት «ይምረጥ፣ ትልቅ ሰው ሲሆን ያውቃል» ይላል። እናት የምታስበው ስለ ቀዩ ካርድ ነው።

ከዕጣው የሚያስመልጥ የታወቀ መንገድ አለ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ሮ ዶ» የሚባለውን ወታደራዊ ሥልጠና ሦስት ዓመት የተከታተለ ተማሪ ከዕጣው ነፃ ነው። እናትየው ቅጹን አምጥታ ሞልታለች። የቀረው የልጁ ፊርማና ፀጉሩ ነው። ሠልጣኝ ፀጉሩን እጅግ አሳጥሮ ተቆርጦ መቅረብ አለበት፤ የእሱ ደግሞ የአባቱን ወጥቶ ሁለት ዓመት ያሳደገው ጎፈሬ ነው። አልቆረጥም ብሏል። እናቱ ለመምህሩ ደውላ ትንሽ አሳጥሮ ቢመጣስ ብላ ጠይቃ፣ አይሆንም ተብላለች። ጋሼ እስካሁን ከማንም ጋር አልወገነም። ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው።